የወረቀት ጀርባ

ወረቀት ሁለት ገጽ እንዳለው ማንም ያውቃል። በመሥሪያ ቤት ግን አንዱ ገጽ ብቻ ሕይወት ያለው ይመስል፣ ጀርባው ንጹሕ እንደሆነ ወደ ቅርጫት ይወረወራል። በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ይህን ልማድ ተቀብለው አያውቁም። ጧት ጧት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከየክፍሉ የተጣለውን ወረቀት ይሰበስባሉ፤ ምስጢርነት ያለውን ይለያሉ፤ የቀረውን በማስመሪያ እየቆረጡ ከአራት ይከፍሉታል፤ ከዚያም በመርፌና በክር ጠርዘው የማስታወሻ ደብተር ያደርጉታል። የደብዳቤ ረቂቅ፣ የፋይል ቁጥር፣ የስልክ መልእክት ሁሉ በዚሁ ላይ ይሰፍራል። በዚህ አሠራር 30 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል።

የሥራ ባልደረቦቻቸው አይጠሏቸውም፤ ይስቁባቸዋል እንጂ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ መንግሥት ወረቀት መግዣ አጣ ተብለው ነው እንዴ እንዲህ የሚደክሙት?» ሲል ጠየቃቸው። ሰውየው ለጥያቄው መልስ አልሰጡም። በጠረጴዛው ላይ ወደ ተቆለለው የስብሰባ ሰነድ ብቻ አመለከቱ።

«ይህ ስንት ገጽ ነው?»

«ስድሳ ነው ጋሼ።»

«ለስንት ሰው ተባዛ?»

«ለሃያ።»

«በል እንግዲህ አንሣው።»

ልጁ ሊያነሣው ሲሞክር በሁለት እጁ ማቀፍ ግድ ሆነበት። ሒሳቡ ግልጽ ነው። 60 ገጽ በ20 ሲባዛ 1,200 ቅጠል ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቀው ነጭ ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም፣ 500 ቅጠል የሚይዘው እሽግ ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ስለሆነም ለአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ የተዘጋጀው ሰነድ 6 ኪሎ ወረቀት ነበር። በሁለቱም ገጽ ታትሞ ቢሆን ኖሮ 3 ኪሎ በበቃው ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ አብዛኛው ቅጂ በየወንበሩ ላይ ተጋድሞ ተገኘ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ያነበበው ስንት ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መዝገብ ቤት የሚመልሰውም አይደለም።

የእኚህን ሰው አሠራር እንደ ግል ጠባይ ብቻ የሚመለከት ሰው ታሪክን ይስታል። ወረቀት ከመምጣቱ በፊት የአገሪቱ ጽሕፈት በብራና ላይ ነበር፤ ብራና ደግሞ ከፍየልና ከበግ ቆዳ የሚገኝ ነው። አንድ መጽሐፍ ማለት መንጋ ማለት ነበር። ብራና ፋቂው ቆዳውን ሲወጥር ቀዳዳ ቢያገኝ አይጥለውም፤ በክር ይጠቅመዋል። ቁም ጸሐፊውም ቀዳዳው ዘንድ ሲደርስ ቃሉን ከፍሎ ዙሪያውን ይጽፋል እንጂ ቅጠሉ ይቀየርልኝ አይልም። በየገዳማቱ ያሉትን ጥንታዊ መጻሕፍት የተመለከተ ሰው ሌላም ነገር ያያል፤ በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ በቀሩት ቅጠሎች ላይ የርስት፣ የጉልት፣ የስጦታ ውል ተጽፎ ይገኛል። የታሪክ ተመራማሪዎች የአገሪቱን የመሬት ይዞታ ታሪክ የሚያጠኑት በከፊል ከእነዚህ ኅዳጎች ነው። ባዶ ቦታን ያልናቀ ጸሐፊ ባይኖር ኖሮ ብዙ የሚታወቅ ነገር ባልታወቀ ነበር። ያን ጊዜ ግን ማንም ጸሐፊውን ቆጥቋጣ ብሎ አልሳቀበትም።

ታዲያ ክብር የነበረው ነገር በምን ምክንያት መሣቂያ ሆነ? መልሱ ከአንድ በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ አንደኛው ግን የወረፋ ዘመን ትዝታ ነው። በ1970ዎቹ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ዘንቢል ይዞ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈ ትውልድ፣ ቁጠባን ያወቀው በካርድ ተለክቶ ሲሰጠው ነበር። ሳሙናን እስከ መጨረሻዋ ስንጣሪ ድረስ መጠቀም፣ ጠርሙስን አጥቦ መመለስ፣ የፍራሽ ልብስን ገልብጦ መስፋት በዚያ ዘመን የሰው ምርጫ አልነበረም። በግድ የተማሩት ነገር ደግሞ ግዱ ሲነሣ አብሮ ይጣላል። ሸቀጥ በየሱቁ ሲሞላ፣ መጣል የነፃነት ምልክት ሆነ። ዘንቢል ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው ድሃ ወይም አሮጌ ሆኖ መታየት ጀመረ፤ ሁለት ቲማቲም በሁለት ፌስታል አስጠቅልሎ የሚሄደው ደግሞ ዘመናዊ። የቁጠባን ጉዳይ በስብሰባ የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ቁስል ሳያውቁ መናገራቸው ለስብከታቸው መክሸፍ አንዱ ምክንያት ነው።

ፌስታል ከተነሣ ዘንድ፣ ሕግ ሳይወጣለት የቀረ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማያልፍና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ደንግጎ ነበር። የከተማው ቦዮችና የአጥር እሾሆች ምስክር እንደሚሆኑት፣ አዋጁና ገበያው ሳይተዋወቁ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ መውጣቱ ደግ ነው። ነገር ግን በገበያተኛዋ እጅ ላይ ዘንቢል ካልተመለሰ፣ ሕግ ብቻውን አትክልት አይሸከምም።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ባለቤት ዘንቢላቸውን ጥለው አያውቁም። ሆኖም የእኚህ ወይዘሮ ቁም ነገር ያለው በምጣዳቸው ላይ ነው።

እንጀራ መጋገር በዚህ አገር የቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። ማገዶ እየራቀ ሲሄድ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የግንባታ ሥራ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የቤተ መንግሥት መቀመጫ በምድጃ ምክንያት ሊነቀል የነበረበትን ይህን ታሪክ፣ ማእድ ቤትን ከፖለቲካ ውጭ አድርገው የሚያስቡ ሰዎች ደግመው ቢያስቡት ይበጃል። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ እነማን እንደሆኑ የእንጦጦ ዳገት ያውቃል። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎብጠው፣ ቁልቁል እየሮጡ የሚወርዱት እናቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋን ምድጃ በጀርባቸው አንድደዋል።

በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት አብዛኛው ወላፈን ሆኖ በጎን ያመልጣል። እሳቱን በሲሚንቶ አካል ከልሎ የሚይዘው «ምርጥ» የተሰኘው ምድጃ ለእንጀራ የሚፈጀውን እንጨት እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል፤ «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃም ከቀድሞው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን ከዓይንና ከሳንባ አራቀ፤ ኃይሉም በአብዛኛው ከግድብ ውሃ የሚገኝ በመሆኑ እንጨት አይጠይቅም። ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አንድ የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል፣ 9 ዋት የሆነች አንድ የኤል ኢ ዲ አምፖል በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብትበራ ከሦስት ወር በላይ ያቆያታል። «መብራት አጥፉ» እያለ ልጆቹን የሚቆጣ አባወራ ዓይኑን ወደ ማእድ ቤት ቢመልስ የሚሻል ይመስላል።

ወይዘሮዋ ይህን ሒሳብ ሳያሰሉት ደርሰውበታል። ምጣድ እስኪግል ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል በባዶው ይነዳል። አራት ጎረቤታሞች በየቤታቸው ሲጋግሩ፣ አንድ እንጀራ እንኳ ሳይወጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ኃይል ባክኗል ማለት ነው። ስለዚህ በእሳቸው ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ምጣድ ይጣዳል፤ አራቱም ሊጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የአንዷ ሲያልቅ የሌላዋ ይቀጥላል። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ ምጣዱ ጠፍቶ እንኳ በቀረው ግለት የሽሮ እህል ይታመስበታል። ቆጣሪው የአንድ ቤት በመሆኑ ክፍያው በተራ ነው፤ በዚህ ላይ አልፎ አልፎ ጭቅጭቅ አይጠፋም። የአንዷ ሊጥ ቀጥኖ ምጣዱን አጣበቀው፣ የሌላዋ ብዛቱ ከተነገረው በለጠ የሚል ክርክር ይነሣል። ጭቅጭቁን የሚሸሽ ሰው ለብቻው ይጋግር፤ ሙሉውን ዋጋም ይክፈል።

የተረፈ እንጀራም በዚያ ቤት አይጣልም። ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያ የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። አተላው ላም ላለው ይሰጣል። ምንጣፍ ሲታጠብ እንዶድ ይቀጠቀጣል። እንዶድን በተመለከተ መቼም የማይረሳ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ ተሸካሚ ነበርና፣ ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ሊቁ ያዩት እናቶች በየቀኑ የሚሠሩትን ነበር። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላል። ከቅጠል የመጣ ሁሉ ለወንዝ ቸር ነው ብሎ መደምደም የዘመኑ የዋህነት ነው።

ድርቆሽ ማድረቅ ከስስት የመጣ የሚመስለው ሰው ቆሼን ያስብ። ረጲ አጠገብ ያለው ያ የቆሻሻ ተራራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ጥራጊ ሲሸከም ቆይቶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ በሥሩ ቤት ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። አገሪቱም ብሔራዊ ሐዘን ተቀመጠች። ያ ተራራ ከምን ተሠራ? ከከተማዋ ቆሻሻ አብዛኛው ከማእድ ቤት የሚወጣ፣ የሚበሰብስና እርጥብ ነገር ነው። እርጥብ ቆሻሻ አየር አጥቶ በተቆለለበት ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት እንኳ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። በ2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ቆሻሻ እያቃጠለ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል፤ ነገር ግን እርጥብ ነገር ለመንደድ እንደሚያስቸግር ምድጃ ያነደደ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሙሉ እንጀራ ከየቤቱ ሲጣል፣ የሚሄድበት ቦታ ስም አለው፤ በሥሩም የተቀበሩ ሰዎች አሉ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ቆራሌው ከከተማዋ ታላላቅ ባለሟሎች አንዱ ነው። ከየበራፉ የሚሰበስበው ጠርሙስ፣ ብረት፣ ጣሳ፣ አሮጌ ጫማ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላ ሕይወት ያገኛል፤ በርሜል ምድጃና ሣጥን፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። የውሃ ፕላስቲኩም፣ ሕዝቡ በአንድ የፋብሪካ ስም «ሃይላንድ» ብሎ የሚጠራው፣ ዘይትና ጠላ ሲያመላልስ ይኖራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ምንም ዓይነት መመሪያ አይደለም፤ ችግርና የእጅ ጥበብ ናቸው።

በመሥሪያ ቤቱ ያለው ሌላው ብክነት ብዙ ትንተና አያስፈልገውም። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይኖር ሲበሩ የሚያድሩ ኮምፒዩተሮች፣ ኃላፊውን ለመጠበቅ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆም መኪና፣ በሻይ ክበብ በብርጭቆ ፈንታ የገባው የወረቀት ኩባያ። ይህ ኩባያ ወረቀት ይባል እንጂ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት ይጣላል። እነዚህን ለማስተካከል ስብሰባ መጥራት፣ ለስብሰባውም 60 ገጽ ሰነድ ማባዛት አያስፈልግም።

ጉዳዩ በእውነት የከበደው በእድር ነው።

የእነዚህ ባልና ሚስት እድር እንደ ብዙዎቹ እድሮች ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ሳህንና ኩባያ አለው። ወይዘሮዋ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አባል ሐሳብ አቀረበ፤ ሳህኑና ኩባያው ይሸጥ፤ ከእንግዲህ በለቅሶ ቤት በሚጣል ሳህንና በታሸገ ውሃ ይስተናገድ። ምክንያቱ የማይናቅ ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ዕቃ በየለቅሶው ይጎድላል፤ ዛሬ ደግሞ ሌሎች እድሮች ሁሉ እንዲህ አድርገዋል፤ ለእንግዳም ክብር ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ተነሥተው ተቃወሙ። ስለ ብራናው፣ ስለ ቆሼ፣ ስለ ፌስታሉ አዋጅ ጥሩ አድርገው ተናገሩ። ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሴት እጇን አወጣች።

«ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ቆሻሻውን አልወደውም» አለች። «ነገር ግን በዚህ ጉባኤ ዕቃው ይቅር የሚሉት አባቶች ናቸው። ሌሊት ተቀምጦ 200 ሳህን የሚያጥበው ማን ነው? ሐዘንተኛዋን ትተን ጓሮ የምንውለው እኛ ነን። ጋሼ፣ በድፍረት አይዩብኝና፣ እርስዎ በአንድ ለቅሶ ላይ እንኳ ሳህን አጥበው ያውቃሉ?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ጸሐፊው ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠ። ጥያቄው ንቀት አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው መልስ ያጣው። የቁጠባ ውዳሴ ሁሉ የሚዘለው ነጥብ ይኸው ነው። ድርቆሹን የምታሰጣው፣ ሊጡን ተሸክማ ጎረቤት የምትሄደው፣ ጠርሙሱን አጥባ የምታስቀምጠው ማን እንደሆነች ሳይጠየቅ፣ «ድሮ ምንም አይጣልም ነበር» እየተባለ ይወደሳል። ያልተጣለው ነገር በአንድ ሰው እጅ ይታጠብ ነበር። የሚጣለውን ሳህን ወደ ለቅሶ ቤት ያመጣው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የደከመ ወገብም ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የወረዱት እናቶች ልጆች በቤታቸው ያንኑ ሸክም በሌላ መልክ እንዲቀበሉ መጠየቅ፣ ምድሪቱን ለማዳን ተብሎም ቢሆን ፍትሕ አይሆንም።

ሰውየው ለረዥም ጊዜ ቆመው ቆዩ። በኋላ፣ «አላውቅም ልጄ፤ አጥቤ አላውቅም» አሉ። ባለቤታቸው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ይሳቁ ወይም ይዘኑ አልታየም።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ ያዘ። ሳህኑ ይሸጥ ያለው አባል ሐሳቡን አላነሣም፤ ድምፅ ሲሰጥም ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ደግፈውታል። በጥቂት ድምፅ ብልጫ የተወሰነው፣ ዕቃው እንዲቀር፣ ነገር ግን አጠባው ወንድም ሴትም ሳይለይ በአባላት ስም ተራ እንዲወጣለት፣ በተራው ያልተገኘ ደግሞ ለቀብር ያልመጣ አባል የሚቀጣውን ያህል እንዲቀጣ ነው። በታሸገ ውሃ ፈንታ ሁለት ባለ ቧንቧ በርሜሎች ተገዙ። ከሩቅ አገር ለሚመጣ እንግዳ ግን ጥቂት እሽግ ውሃ ይቀመጥ ተባለ፤ ይህ መመሪያውን አጉድሎታል ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ።

ጥሩምባው የተነፋው ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሲሞላ፣ ጓሮ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ የታክሲ ሾፌር ኮታቸውን በአጥሩ ላይ ሰቅለው፣ በሦስት ሳፋ ፊት ተቀመጡ። አንደኛው ሳፋ የሳሙና፣ ሁለተኛው የማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው የማጥሪያ እንደሆነ ያች ወጣት ሴት አስረዳቻቸው፤ የማለቅለቂያው ውሃ ሲደፈርስ እንዳይደፋና ለሳሙናው እንዲገለበጥ አስጠነቀቀቻቸው፤ ከዚያም ወደ ድንኳኑ ገብታ ከሐዘንተኛዋ አጠገብ ተቀመጠች። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሥራው ፈጣን አልነበረም። እያንዳንዱን ሳህን ፊትና ጀርባውን እያገላበጡ ሲፈትጉ፣ ሾፌሩ «ጋሼ፣ ሰው ምሳውን በዚህ ዓመት ይብላ እንጂ!» ይላቸው ነበር።

ማታ ዕቃ ሲቆጠር ሳህኑ ሞላ። ሦስት ኩባያ ግን ጎደለ። ወይዘሮዋ ቆጠራውን ደገሙት፤ አሁንም ሦስት ጎደለ። በማግስቱ በየቤቱ እየዞሩ ሲጠይቁ ዋሉ፤ ሁለቱን ልጆች ኳስ ሜዳ ወስደዋቸው ተገኙ።

ሦስተኛው እየተፈለገ ነው።